ከቴንስታ እስከ ስትሮመን፦ የመንጠቆ ውሃዎች ቅኝት

መነሻችን በስቶክሆልም የሚገኘው የቴንስታ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው። የተከፈተው በ1975 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ግድግዳውን ያስዋበችው ሠዓሊ ሄልጋ ሄንሸን ሥራዋን ለስደተኞች የተበረከተ ጽጌረዳ አድርጋዋለች። ሰፈሩ የራሱ ሐይቅ የለውም፤ በሰሜኑ በዬርቫ ሜዳ የሚያልፈው ኢየልቤከንም ጠባብ ጅረት ነው። ስለዚህ ዘንግ ይዞ የወጣ የቴንስታ ሰው ወይ ወደ መሀል ከተማ ወይ ወደ ሄሰልቢ ስትራንድ ይሄዳል።

ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ሰማያዊው መስመር ነው። ከቴንስታ 12ኛው ፌርማታ ኩንግስትሬጎርደን የመስመሩ መጨረሻ ሲሆን፣ ጉዞው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በ2025 የአዋቂ ትኬት 43 ክሮና ነበር፤ የሚያገለግለው ለ75 ደቂቃ ስለሆነ ከሰዓቱን ውሃ ዳር የሚያሳልፍ ሰው ለመመለሻ ሌላ 43 ይከፍላል። ለማጥመዱ ግን ክፍያ የለም። በመሀል ከተማው ውሃ በስትሮመን ላይ የከተማው ሰዎች የማጥመድ መብት የሚቆጠረው በንግሥት ክርስቲና ስም በ1636 ከወጣው ደብዳቤ ጀምሮ ነው። ከ1985 ወዲህም በምሥራቁ የባሕር ጠረፍና መላረንን ጨምሮ በአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች በእጅ ዘንግ ማጥመድ ለሁሉም ተፈቅዷል። በአንድ ዘንግ ላይ ከ10 የበለጠ መንጠቆ ማሰር ግን አይቻልም።

ከኩንግስትሬጎርደን ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ወደ ደቡብ የተራመደ ሰው በኦፔራው ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ ግንብ ያገኛል። ግንቡ ከውሃው ከፍ ይላል። ነባሮቹ አጥማጆች ባለረጅም እጀታ መረብ የሚይዙት ለዚህ ነው፤ የከበደ ዓሣ በክር ብቻ ሲጎተት አየር ላይ ያመልጣል።

ቀጥሎ ኖርብሮ ድልድይ አለ። በሦስቱ ቅስቶቹ ሥር ውሃው እየተገፋ ይወጣል፤ መላረን ከባሕሩ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ነው። ከድልድዩ በደረጃ የሚወረድበት ስትሮምፓርቴረን ዝቅ ያለ በመሆኑ ከኦፔራው ግንብ ይልቅ ለውሃው ይቀርባል። እዚህ ጅረቱ ቀላል ማባበያ ጠርጎ ስለሚወስድ ከበድ ያለ የብረት ማባበያ ይመረጣል። የሚጠበቁት ሳልሞንና የባሕር ትራውት ናቸው፤ ከተማው ጫጩቶቻቸውን ለዓመታት ሲለቅ ቆይቷል። ከ60 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሳልሞንና ከ50 ያነሰ ትራውት ወደ ውሃው ይመለሳል።

ከሪክስብሮን ግድብ በስተ ምዕራብ ያለው የመላረን ወገን ነው። ውሃው ሰከን ይላል፤ አቦሬና ዬዳ የተባሉት ዓሦች የሚፈለጉትም በዚህ በኩል ነው።

ሄሰልቢ ስትራንድ ደግሞ የአረንጓዴው መስመር መጨረሻ ነው። ከቴንስታ በአውቶቡስ ቬሊንግቢ ደርሶ ከዚያ 3 ፌርማታ በባቡር ይኬዳል። የመላረን ዳርቻ ከጣቢያው በእግር ቅርብ ነው። ጅረት ስለሌለው በቀላል ማጥመጃና በትል መቀመጥ ይቻላል። ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው ከመሀል ከተማው ግንብ ይሻላል። ለትራውት የመጣ ግን ስትሮመንን አይተውም።

ከአገር ቤት ጋር ብናስተያየው፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶውና አምባዛው በጀልባና በመረብ ተይዞ በብዛት ይወርዳል፣ እዚያው ተቆራርጦ ለገበያ ይቀርባል። ስትሮመን ላይ ግን እያንዳንዱ ለራሱ በአንድ ዘንግ ይሠራል። በስፋት ደግሞ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን መላረን 1,100 አካባቢ ነው።

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት የሳህኑ ነገር ይቀራል። የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን ልጆች፣ እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ወደፊት መውለድ የሚያስቡ ሴቶች የባልቲክን ሳልሞን፣ ትራውትና ስትሮሚንግ በዓመት ከ2 እስከ 3 ጊዜ ብቻ እንዲበሉ ይመክራል፤ ምክንያቱ በስቡ ውስጥ የሚጠራቀሙት ዳዮክሲንና ፒሲቢ ናቸው። አቦሬና ዬዳ ሜርኩሪ ስላለባቸው ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት ልኩ ያው ነው። ዓሣ ይዛችሁ ቤት የምትገቡ ሁሉ፣ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ይህን ለቤተሰቡ ንገሩ።