ሁለት ዓይነት ውሃ ያለው ቅጠል

እናቴ ጡት ያስጣለችኝ በእሬት ነው። ደሴ፣ ሸዋበር ካለው ቤታችን ጓሮ አንድ ቅጠል ሰብራ የሚንጠባጠበውን ቢጫ ፈሳሽ ጡቷ ጫፍ ላይ ቀባችው። ይህን የነገረችኝ እኔ በተራዬ ልጄን ጡት ላስጥል ስሰናዳ ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅሺ እኔም አብሬሽ አለቀስኩ» አለችኝ። ቀጥላም «አንቺስ እሬቱን ተዪው፤ ቀስ በቀስ አስጥያት። አብሽሪ፣ ራሷ ትተወዋለች» ብላ መከረችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። መጀመሪያ የቀኑን፣ ቆየት ብዬ የሌሊቱን ቀነስኩ። ልጄም ሳትመረር ተወችው።

እናቴ ልክ ነበረች። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ውሃ አሎይን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አለው፤ አንጀትን አጥብቆ ያላውሳል፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒቶች ውስጥ እንዲወጣ አድርጋለች። ለሕፃን አፍ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሌላውን ውሃ ያሳየችኝ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ናት። እንጀራ ስጋግር እንፋሎቱ ክንዴን ለበለበኝ። እሬቱን ከመቁረጧ በፊት ክንዴን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዛ ብዙ አቆየችኝ። ከዚያ ከተክሉ ግርጌ የበሰለ ቅጠል መርጣ ቆረጠችና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ ሳህን ላይ አቆመችው። ቢጫው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ አልነካችውም። እሾሁን ከዳርና ከዳር ገፋ፣ ልጣጩን ልጣ፣ ውስጡን አጠበች። የቀረው እንደ መስታወት የጠራ ዝልግልግ ነበር። እሱን በስሱ ቀባችኝ፤ ቃጠሎው በረደልኝ። «ውሃ ከቋጠረ ወይም ከሰፋ ግን ሐኪም ቤት ነው» አለችኝ። ትዕግሥቷን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ፤ ቅጠሉን የሚያውቅ ሰው አይቸኩልም።

ጸጉር መታጠቢያና ቅባት ላይ ስሙ የሚጻፈው አሎይ ቬራ መነሻው የዓረብ ምድር ነው። በእኛ ገደላገደል ላይ የሚበቅለው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ከዚህች አገር ውጭ አይገኙም። ስሙን ከደብረ ብርሃን ያገኘው አሎይ ደብራና ከእነዚህ አንዱ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኑርዳል ጋር ስለ አገራችን እሬቶች መጽሐፍ ጽፈዋል። ዝርያው ከተለያየ የውስጡም ኃይል ይለያያልና ለአንዱ የተባለውን ለሌላው ማዋል አይገባም።

ስለዚህ «እሬት ጠጥቼ ከስኳር ዳንኩ» ሲባል እሰጋለሁ። እሬት ሌላ ብዙ ጥቅም አለው፤ ዝናብ በጠፋበት ዘመን እንኳ ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ይቆያል፤ አፈር ይይዛል፣ አጥር ይሆናል፣ አበባው ንብ ይቀልባል። መቃብር ላይም የሚተከለው ሳይጠጣ ስለሚኖር ይመስለኛል። ይህ ሁሉ አገልግሎቱ እያለ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ልናደርገው አይገባም።

እናንተም ለቆዳችሁ ስትፈልጉት ቢጫውን አንጠፍጥፉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ቢጫውን በጭራሽ አትጠጡ። ከተራራ ላይ እናት ተክሏን አትንቀሉ፤ ከሥሯ የወጣ ቡቃያ ካለ እሱን ወስዳችሁ ጓሯችሁ ትከሉ።