የእርግዝና መጽሐፍ ስንመርጥ
የመጀመሪያ ልጃችንን ስንጠባበቅ ወዳጅ ዘመድ ሦስት የእርግዝና መመሪያዎች አዋሱን። አስቀድመን ያየነው የታተሙበትን ዓመት ነው። አንደኛው አራት ጊዜ መመርመር ይበቃል ይላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚመክረው ስምንት ጊዜ ነው። እሱን መልሰን በአዲሱ ተጠቀምን። ከእሱም በመጀመሪያ ያጠናነው የአደጋ ምልክቶችን ነው፦ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ።

በሰባተኛው ወር አንድ ሌሊት ራስ ምታትና ብዥታ በአንድነት መጣ። ገጽ ስናገላብጥ አላደርንም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ሄድን። የደም ግፊት ነበር፤ በጊዜ ተደረሰበት፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ረመዳን ጾምም ሐኪሙንና ዓሊሙን ጠየቅን እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ አልወሰንንም።

ውድ አንባቢያን፣ መጽሐፍ ምን እንደምንጠይቅ ያስተምረናል፤ ሐኪምን ግን አይተካም።