የጎደሉት አምስት ቁራጮች

ውድ አንባብያን፣ በተለይም እህቶች፣ ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለ ክርና መርፌ ነው። «ደግሞ ስለ ሹራብ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ትሉን ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እንል ነበር።

እኛ በደሴ ከተማ የምንኖር ስድስት ሴቶች ነን። ሁለታችን መምህራን፣ አንዳችን ነጋዴ፣ ሁለታችን የቤት እመቤቶች ስንሆን ታናሻችን ገና ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በአንዳችን ቤት እንሰበሰብና ሹራብ እንሠራለን። ኪሮሽ የሚቀላት ዳንቴሏን ይዛ ትመጣለች፤ መርፌ የለመደች ካልሲ ወይም የሕፃን ኮፍያ ትጀምራለች። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን በዚህ ሥራ እንደተጠመድን አይጠይቀንም።

ሥራውን ያስተማሩን የአንዳችን አክስት ናቸው። እሳቸው በልጅነታቸው መርፌ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው የብስክሌት ጎማ ሽቦ በድንጋይ አሹለው ይሠሩ እንደነበር አጫውተውናል። ዛሬ ዐይናቸው ስለደከመ አይሠሩም። ሆኖም አጠገባችን ተቀምጠው የሠራነውን በጣታቸው እየዳሰሱ «እዚህ ላይ አንድ ዐይን አምልጦሻል» ይላሉ። ብንቆጥረው እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። በመርፌው ላይ የሚያዘውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት «ዐይን» እንለዋለን፤ ይህንንም ስም የወረስነው ከእሳቸው ነው።

ይህ ሥራ ለእኛ መተዳደሪያ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በልጆች ጩኸት፣ በደንበኛ ንዝንዝና በፈተና ወረቀት የተወጠረ አእምሮ መርፌ ሲይዝ ይረግባል። እጅ ይቆጥራል፤ ልብ ያርፋል። ደግሞም ብቻዋን ስትሠራ ወር ሙሉ የካልሲ ተረከዝ ማዞር ያቃታት እህት ሌላዋ ሠርታ ስታሳያት በአንድ ከሰዓት ትችለዋለች። የተረፈ ክር እንለዋወጣለን፤ አንዷ ያገኘችውን አዲስ አሠራር ለሌላዋ ታካፍላለች። ዕውቀት ደግሞ ሲያካፍሉት የማይጎድል ሀብት ነው።

ታናሻችን ስለ ሥራው ታሪክ አንብባ የነገረችን ነገር ሁላችንንም አስደንቆናል። በግብፅ ምድር ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ፣ በሰማያዊና በነጭ የጥጥ ክር ያጌጡ ካልሲዎች ተገኝተው ዛሬ በሙዚየሞች ይገኛሉ። በሁለት መርፌና ከዚያ በላይ ከተሠሩትና እስከ ዘመናችን ከቆዩት ጥንታዊ ሥራዎች መካከል እነዚህ ይቆጠራሉ። ግብፆች ካልሲን «ሸራብ» ይሉታል፤ ቃሉን ስንሰማ የእኛን «ሹራብ» አስታውሶን ተሳሳቅን።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በስፔን አገር ቡርጎስ ከተማ አጠገብ ባለው የላስ ሁዌልጋስ ገዳም፣ በ1275 እ.ኤ.አ. በሞተው በካስቲል አልጋ ወራሽ በፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ ከሐር ክር በመርፌ የተሠራ ትራስ ተገኝቷል። በጠርዙ ላይ ዙሪያውን በኩፊ ፊደል «በረካ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ተሠርቶበታል። የክርስቲያን ልዑል ትራስ ቢሆንም የሠሩት የሙስሊም ባለሙያዎች እጆች እንደሆኑ ይታመናል። በአንድ ኢንች 20 ያህል ዐይን አለው። እኛ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዐይን ስንሠራ «ደቃቅ ነው» ብለን እንኮራለን፤ የእነሱ ግን በዚያው ልክ ሲቆጠር 80 ገደማ ይሆናል!

ይህን በሰማንበት ቀን ሦስተኛው ቡና ተቀድቶ ነበር። አክስታችን ስኒውን አንሥተው «እኛ በረካን እንጠጣዋለን፤ እነሱ ደግሞ ሸረቡት» አሉ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ደስታችን ነው። አሁን ስለ ጥፋታችን እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ የገፋፋንም እሱ ነው።

የአክስታችን ልጅ የመውለጃዋ ወራት ሲቃረብ ለሕፃኑ ብርድ ልብስ ልንሠራለት ቃል ገባን። አሠራሩ ቀላል ነው። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ እያንዳንዳችን አምስት አምስት እንሠራለን፤ ስድስት ሰው ሲሆን ሠላሳ ይመጣል። አምስት በስድስት ተደርጎ ሲሰፋ 75 በ90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁላችንም በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 33 ዐይን እንድንጀምር ተስማማን። ለዐቂቃው ቀን እንዲደርስም ተነጋገርን።

ከመካከላችን አንደኛዋ እህት ይዛ የመጣችው የመጀመሪያ ቁራጭ ከሌሎቹ በለጠ፤ ጎኑ ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ፊት ለፊት ምንም አላልናትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አረፈደች። እኛም ቁራጮቿን እየዘረጋን «ይህማ ለሕፃን ሳይሆን ለግመል ነው» ተባባልን። ሳቅን። ሌላዋ ደግሞ ቀጥላ «ቤቷም እንደ ሹራቧ የላላ ነው» አለች። አሁንም ሳቅን።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እህታችን ሰላምታ ሰጥታ ገባች፤ ተቀመጠች፤ አቦሉን ጠጣች። ቶናው ሳይቀዳ «ልጄን አሞታል» ብላ ቁራጮቿን በቦርሳዋ ከትታ ወጣች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ሦስት ቅዳሜ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» እያልን ራሳችንን አታለልን። ጊባ ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የማናውቅ ሆነን አይደለም። መምህራኖቻችን ተማሪዎቻቸውን ይመክሩበታል፤ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ይገሥጹበታል። ነገር ግን እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ሥራ ይፈታል፤ ጨዋታው የት ላይ ሐሜት እንደሆነ ሳናስተውለው አለፈን።

ከመካከላችንም «ሃያ አምስት ቁራጭ ይበቃል፤ አምስት በአምስት ሆኖ ያምራል» ያለች ነበረች። በሒሳብ ልክ ነበረች። አክስታችን ግን የተደረደረውን በእጃቸው እየዳሰሱ፦

«ስንት ናችሁ ልጆቼ?» አሉ።

«አምስት ነን፣ አክስቴ።»

«ስድስት ነበራችሁ።»

ሁላችንም አቀረቀርን። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ዝም ብለው ከሰሙን በኋላ የሁለታችንን ቁራጭ አንሥተው አነጻጸሩልን። በዐይን ቁጥር እኩል ነበሩ፤ በመጠን ግን በመካከላቸውም ትንሽ ልዩነት አለ። «አንዷ ክሩን ታጠብቃለች፤ ሌላዋ ታላላለች። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የእጅ ተፈጥሮ ነው። እጇ ለላላ ሰው ቀጭን መርፌ ይሰጧታል፤ ያን ጊዜ ልኩ ይመጣል። እሷ የፈለገችው ቀጭን መርፌ ነበር፤ እናንተ ግን ስል ምላስ ሰጣችኋት» አሉን።

በማግስቱ አምስታችንም ቤቷ ሄድን። በሩን ከፈተችልን እንጂ አልሳቀችልንም። በስሟ ምን እንዳልን ሳንደባብቅ ነገርናትና ዐውፍታ ጠየቅናት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ የክር ጥቅል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አምስቱንም ጨርሳቸው ነበር፤ አምስቱንም ተርትራቸዋለች።

በሱረቱ አን-ነሕል 92ኛው አንቀጽ ላይ ፈትሏን ካጠነከረች በኋላ መልሳ ስለምትፈታው ሴት የተሰጠው ምሳሌ በዚያች ሰዓት ትዝ አለን። አንቀጹ የሚናገረው ቃል ኪዳንን ስለ ማፍረስ ነው። ክሩን የተረተረችው የእሷ እጅ ትሁን እንጂ በስድስታችን መካከል የነበረውን ያፈረስነው እኛ ነበርን።

የተተረተረ ክር ተጠማዝዞ ስለሚቀር እንዲሁ ቢሠሩበት አያምርም። ስለዚህ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለን አሰርነው፤ ለብ ባለ ውኃ ነክረን ከታች ክብደት አንጠልጥለን አሰጣነው። ሲደርቅ ተስተካከለ። በ3.25 ሚሊ ሜትር መርፌ እንድትሞክር ሰጠናት፤ ቁራጩ 15 ሴንቲ ሜትር መጣ። አምስቱንም ራሷ ሠራችው። «እናግዝሽ» ብንላት «አይ፣ የእኔ ድርሻ ነው» አለችን።

ብርድ ልብሱ ለዐቂቃው ቀን አልደረሰም። የሰጠነው ልጁ ከተወለደ ከአርባ ቀን በኋላ ነው። ልብ ብሎ የተመለከተው ሰው የአምስቱ ቁራጮች ክር ከሌሎቹ ጥቂት እንደሳሳ ያስተውላል። ልጁ ግን አላስተዋለም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሳይጠቀለልበት አይተኛም።

ውድ እህቶች፣ ይህን ሥራ መጀመር ለምትፈልጉ ሦስት ነገር እንምከራችሁ። አንደኛ፣ ትልቅ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የምትሞላ መሞከሪያ ሠርታችሁ ዐይኑን ቁጠሩ፤ የእጃችሁን ጠባይ የምታውቁት በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ክር ስትገዙ በወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ቀለሙ ሊለያይባችሁ ይችላል። ሦስተኛ፣ ስሕተት ስታገኙ «ማን ያየዋል?» ሳትሉ ወዲያው ተርትሩና አስተካክሉ። ሁለት መስመር መተርተር ይቀላል፤ ሃያ መስመር ያስለቅሳል። ለመሰባሰብ ለምትፈልጉ ደግሞ አራተኛ እንጨምርላችሁ፦ በሌለች እህት ፊት የማትናገሩትን በሌለችበት አትናገሩ።

እህታችን ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ትጫወታለች፤ ትስቃለች። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቱ ስትቃረብ ገና ከግቢው በር ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አስሰላሙ ዐለይኩም!» ትላለች። ለምን እንደምትጮህ እሷም አልነገረችን፤ እኛም አልጠየቅናት። ምክንያቱን እናውቀዋለንና። አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንድትገባ አላህ (ሱ.ወ.) እንዲያበቃን ዱዓ አድርጉልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።