መኪና የማይገባበት መንገድ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ሮክ ክሪክ ፓርክን ታውቁታላችሁ። ገብታችሁበት ባታውቁ እንኳ በመኪና አቋርጣችሁታል። ከ16ኛው ጎዳና ተነስታችሁ ወደ ኮነቲከት አቬኑ ስትሻገሩ ድንገት ከተማው ጠፍቶ ጫካ ብቻ የሚሆንበት ቦታ አለ አይደል? እሱ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1890 ነው። የኛ ሰው ግን አጠገቡ ሃያና ሰላሳ ዓመት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ እግሩን ያላስገባበት ብዙ ነው። ምግብ ቤቴ የሚመጡ ደንበኞቼን ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጊዜው የት አለና!»

እዚያ ጫካ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ቢች ድራይቭ የሚባል የአስፋልት መንገድ አለ። በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ የላይኛው ክፍሉ ለመኪና ተዘጋ። ሰዉ ወደደው። በ2022 ደግሞ በቋሚነት እንዲዘጋ ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬ ከብሮድ ብራንች ሮድ ጀምሮ እስከ ሜሪላንድ ድንበር ድረስ አብዛኛው መንገድ የእግረኛና የብስክሌት ብቻ ነው። መግቢያ አይከፈልም። አስፋልቱ ደልዳላ ስለሆነ የልጅ ጋሪም፣ ዊልቸርም፣ ከዘራም ይሄድበታል። ከታች በኩል ጉዞ ከጀመራችሁ ብዙም ሳትርቁ ቦልደር ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ ታገኛላችሁ፤ በ1902 የተሠራ፣ በትልልቅ ድንጋይ የተለበጠ ነው። ውሃው እዚያ አካባቢ ቋጥኝ ለቋጥኝ እየዘለለ ሲወርድ ድምፁ የአገር ቤት ወንዝ ያስመስለዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። ግን ሰው ሲበላ፣ ሲወፍር፣ ሲታመምና ሲጠፋ ለብዙ ዓመት አይቻለሁ። አገር ቤት ስፖርት ሳንል ስፖርት እንሠራ ነበር፤ ገበያ በእግር፣ ለቅሶ ቤት በእግር፣ ታክሲ ስናጣ ደግሞ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ በእግር። እዚህ ከቤት ወደ ፓርኪንግ፣ ከፓርኪንግ ወደ ሥራ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን፤ ሁለት ብሎክ ርቆ ካለው ሱቅ እንጀራ ለመግዛት ግን መኪና እናስነሳለን።

ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው የሚመክሩት በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። በዛ ቢባል አሥር አሥር ደቂቃ እየከፋፈሉም ይቻላል። ፈጠን ያለ የሚባለው ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ እየሄዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ ዘፈን ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት ነው። ከዚያ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ያስፈልጋል። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለትም ሆነ ግድግዳ መግፋት ይበቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ የሚገፉትን የሃያዎቹንና የሰላሳዎቹን ዕድሜ ወላጆች ታያላችሁ። እናንተ ጋ ስብከት አላበዛም፤ እንቅልፍ ስለሌላችሁ ትቆጡኛላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በአገራችን ብዙ ነው፤ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቀመጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመከራል። የደም ምርመራ ነው። ቫይረሱ ከሌላችሁና ክትባቱን ካልወሰዳችሁ ትከተባላችሁ፤ ካለባችሁ ደግሞ ክትትል አለው። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ይህን አትለፉት።

አርባዎቹ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዕዳውም፣ ድርብ ሥራውም፣ የሌሊት ሹፍርናውም ያለው እዚህ ነው። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ያኔ 47 ዓመቱ ነበር። ታክሲ ይነዳል፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ያልበላውን በአንድ ጊዜ ይበላል። ደም ግፊት እንዳለበት ተነግሮት ነበር፤ ግን ምንም ስለማያመው ክኒኑን ትቶታል። አንድ ሌሊት ቤቱ ገብቶ ምላሱ ተሳሰረ፤ የግራ እጁም አልታዘዝ አለው። ባለቤቱ ድካም ነው ብላ አስተኛችው። ጠዋት ሆስፒታል ሲደርሱ ስትሮክ ነው ተባለ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ጊዜው አልፎ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፤ ቢች ድራይቭ ላይ ከባለቤቱ ጋር በከዘራ ሲሄድ አገኘዋለሁ። «ጻፊው፣ ሌላው ይማርበት» ያለኝ እሱ ራሱ ነው።

ልጆች፣ ይህችን አንቀጽ እናንተ አንብቧት። አባዬ ወይም እማዬ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተንተባተበ 911 ደውሉ። ፈቃድ አትጠይቁ። ሰዓቱን አይታችሁ ያዙ፤ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

አርባዎቹ ውስጥ ያላችሁ፣ የደም ግፊት በየዓመቱ መለካት አለበት። እዚህ አገር 130 በ80 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። የቤት መለኪያ ፋርማሲ ውስጥ ይሸጣል፤ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ። ሴቶች ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም። ከ45 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ወንድም ሴትም የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ። ወንዶቻችን ይህን ሲሰሙ ወሬ ይቀይራሉ። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ በመሣሪያ ከመታየት ሌላ በየዓመቱ ቤት ውስጥ ሰገራ ወስዶ የሚላክበት ምርመራም አለ። አያሳፍርም፣ አያምም። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጨውን በተመለከተ ከወጥ ቤት ሆኜ ልናገር። ለአዋቂ በቀን የሚፈቀደው ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ እሱም ከዳቦው፣ ከሶሱ፣ ከሁሉም ተደምሮ። አሁን ሽሮ እንሥራ። ከአገር ቤት የመጣው በርበሬ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲዘጋጅም ገብቶበታል። ከዚያ ላይ ኩብ እንጨምራለን፣ መጨረሻ ላይ ቀምሰን «ጨው አነሰው» እንላለን! እኔ ቤት ኩቡ ቀርቷል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ኮረሪማው በዝቷል። ጨውም የሚገባው ወጡ ከበሰለ በኋላ ተቀምሶ ነው። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም፤ አንድ ሰው ብቻ «እጅሽ ተለወጠ» ብሎኛል።

ሃምሳዎቹ የኔ ዕድሜ ናቸው። ጉልበት ይናገራል፣ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ ሌሊት ላብ፣ ቀን ብስጭት አለ። እናቶቻችን ይህን ሳይናገሩት ነው ያለፉት፤ እኛ ግን ለሐኪም እንናገር፣ መፍትሔ አለው። ከ50 ዓመት በላይ ላለ ሰው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት አለ፤ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ያን በሽታ ያየ ሰው ክትባቱን አይጠላም። ጫማን በተመለከተ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ለሠርግ ከሚገዛው ጫማ በፊት የሚራመድበትን ጫማ ይግዛ።

አሁን ወደ እማማዎቹና ጋሼዎቹ። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ የመጡ እናቶች አሉ፤ ከአፓርትመንት መስኮት በስተቀር ሳምንቱን ሙሉ ምንም የማያዩ። እነሱን ወደዚህ አምጧቸው። ዕድሜያቸው ከ65 ካለፈ በኋላ ከመራመዱ እኩል የሚያስፈልገው ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ነው፤ መውደቅ ዳሌ ይሰብራልና። አጥር ወይም የሰው ክንድ ይዘው በአንድ እግር ለጥቂት ሰኮንድ መቆም፣ ከዚያ በሌላው። ሴቶች በ65 የአጥንት መሳሳት ምርመራ ያደርጋሉ። ከብሮድ ብራንች ትንሽ ወረድ ብሎ ፒርስ ሚል የሚባል የ1820ዎቹ የውሃ ወፍጮ አለ፤ እዚያ የወሰድኳቸው አንዲት እናት ድንጋዩን ዳሰው ሲያበቁ የልጅነታቸውን ወፍጮ ቤት ሲያወሩ አመሹ። ልጃቸው ያን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ጾምን በሚመለከት፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ወይም ሰዓቱን መቀየር አደጋ አለው።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ እናቱ ማህፀን ወይም ስለ አባቱ አንጀት እንዲያወራ ማድረግ ከባድ ነው፤ ቃሉንም አያውቀው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያለክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ነው።

ስትመጡ ልታውቁት የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ልጆች ወንዙ ውስጥ መግባት አይፈቀድላቸውም፤ ውሃው ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል እንጂ ባክቴሪያ አለበት። አጋዘን ስለሚበዛ መዥገርም አለ፤ ከሣሩ ከወጣችሁ በኋላ የልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ፈትሹ። ብስክሌቶቹ ይፈጥናሉ፤ በቀኝ ጥግ ሂዱ። ፓርኪንጎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል። ሰኞ ምግብ ቤታችን ዝግ ነው፤ ያን ቀን ከወጥ ቤት ልጆቻችን ጋር ቦልደር ብሪጅ ደርሰን እንመለሳለን። ካያችሁን ሰላም በሉን፤ ቴርሞሱ ውስጥ ቡና አይጠፋም።