ለኢዛና ሳንቲም ስንት ትከፍላላችሁ?

በአውሮፓ ጨረታዎች የአክሱም ሳንቲም ብቅ ሲል ልቤ ይመታል። ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጨረቃውን አንስቶ መስቀል ያስቀረጸበት ወርቅ ሲሆንማ አይነገርም! ጨረታ ግን ልብ መምታት አያውቅም፤ ስለዚህ ጣሪያዬን ቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ኪሴ 1,200 ዩሮ ከሆነ የምጫረተው እስከ 1,000 ብቻ ነው። ለምን? አጫራቹ 20 በመቶ ኮሚሽን ከጨመረበት ሂሳቡ 1,200 ገባ ማለት ነው። ፖስታና ቀረጥ ካለ ደግሞ ከ1,000ም መውረድ ነው። ቀድሜም አልጮህም፤ ገበያ ማሟሟቅ የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ከማን እጅ መጣ? የቆየ የጨረታ መዝገብ ወይም ደረሰኝ ከሌለው፣ ትናንት በስውር ተቆፍሮ የወጣ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ጣሪያዬ ዜሮ ነው። «ቅርሳችንን ላስመልስ ብዬ ነው» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ገንዘባችሁ ለቆፋሪው የነገ ስንቅ እንዳይሆን!