ጠፍቷል ያልነው ቴሌቪዥን

ረቡዕ ማታ በቤታችን የሴል ኅብረት አለን። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ሰው እንሆናለን። ለዚህ ቁጥር ማይክ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ከመካከላችን አንዲት እናት ጆሯቸው ደክሟል፤ ቃሉ ሲነበብ በማይክ ካልሆነ አይሰሙም። በዚህ ምክንያት ኪቦርድ የሚጫወትልን ወንድማችን ከቤቱ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ይዞ መጣ። «እኔ ጋ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ለኅብረቱ ይሁን» አለን። ጌታን አመሰገንን፤ እርሱንም መረቅነው።

ሲበራ ግን ከስፒከሩ እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ይወጣል። ስንዘምር አይታወቅም። ስንጸልይ፣ በተለይ ሁሉም ዝም ብሎ በጌታ ፊት ሲሆን፣ ሳሎኑን ይሞላዋል። አንድ ቀን እማማ በጸሎት መካከል «ይሄ ወፍጮ ከየት መጣ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድማችን ግን አልሳቀም።

በማግስቱ አምፕሊፋየሩን ወደ ቤቱ ወስዶ ሞከረው። ሲመልሰው «እኔ ቤት ምንም ኖይዝ የለውም። እዚህ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀን። «የለም» አልነው። እኛ ባልና ሚስት አንድ ላይ፣ በአንድ አፍ ነው የመለስነው። ከዚያም «ዕቃው አሮጌ ስለሆነ ይሆናል፤ ለጊዜው ብናስቀምጠው ይሻላል» አልንና ኮሪደር ላይ አኖርነው። በቀጣዩ ረቡዕ ወንድማችን አልመጣም። ከዚያ በኋላም ቀረ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ መልእክት ላከ፤ እኛም እንደሚመቸን አመንነው።

ከአንድ ዘመዳችን ሌላ አምፕሊፋየር ተዋስን። አዲስ ነው፣ ካርቶኑ እንኳ አልተጣለም። ሰካነው፣ አበራነው፤ እምምም። ያው ድምፅ፣ ያው ውፍረት።

እውነቱን ለመናገር ያን ማታ ተያየንና ዝም አልን። ለወንድማችን ወዲያው መደወል ነበረብን። አልደወልንም። ሁለት ሳምንት አለፈ። ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን በኅብረታችን የምናጠናው ማቴዎስ ምዕራፍ 7ን ነበር፤ ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ። ጥናቱን የመራነው እኛ ነን። በእነዚያ ቀናት ሁለታችን አብረን ለመጸለይ ስንቀመጥ ቃል ያጥረን ነበር፤ ምክንያቱን ደግሞ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የወንድማችንን አምፕሊፋየር ከኮሪደር አወጣነውና እንደገና ሰካነው። መጀመሪያ የድምፁን መጠን ወደ ዜሮ አወረድን። ድምፁ ጠፋ። ስንጨምረው አብሮ ጨመረ። ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ከራሱ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ መጠኑ ዜሮ ሆኖም እምምታው ይቀጥላል፤ ከመጠኑ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ከውጭ በገመድ የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ወንድማችን በተቀየመባቸው ሳምንታት ሁሉ ያችን አንድ ደቂቃ አልሰጠነውም።

ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርን። ማይኩን ነቀልን፤ እንዳለ ነው። ኪቦርዱን ነቀልን፤ እንዳለ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ስንነቅል ልብ ያላልነው ሲርርር የሚል ቀጭን ድምፅ ጠፋ፤ ወፍራሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ላፕቶፑንም ነቀልነው። አሁን ምን ቀረ ብለን ጀርባውን ዞረን ስናይ አንድ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ተነስቶ ከመደርደሪያው ኋላ ይገባል። ተከተልነው፤ ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሰ። የኳስ ጨዋታ ደመቅ ብሎ እንዲሰማ እኛው ራሳችን የሰካነው ነው። በኅብረት ሰዓት ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ በእኛ ቁጥር ውስጥ አልነበረም። ገመዱን ስንነቅለው ቤቱ ጸጥ አለ።

መልሰን ሰካነውና የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ፈታን። አሁንም ጸጥታ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ባለ ሦስት እግር ስፒና ስላለው ብረቱ ከቤቱ ግራውንድ ጋር ተያይዟል። የዲሹ ኬብል የውጭ ሽቦ ደግሞ ጣሪያ ላይ ካለው ብረት ጋር ተያይዞ ይወርዳል። ሁለቱ መሬት የሚያገኙት በተለያየ ቦታ ስለሆነ በመካከላቸው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት አለ፤ እኛ የዘረጋነው ቀጭን የድምፅ ገመድ ያ ልዩነት የሚያልፍበት መንገድ ሆነለት። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ እምምታው የመብራቱ ድምፅ ነው። የቴሌቪዥኑ ማጥፊያ ይህን መንገድ አይቆርጠውም። ጠፍቶም ተያይዟል።

(በነገራችን ላይ፣ የስፒናውን የግራውንድ እግር ቁረጡት የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዳትሰሟቸው። ኤሌክትሪክ የያዘ ሽቦ ድንገት የዕቃውን ብረት ቢነካ ሕይወት የሚያተርፈው ያ እግር ነው። ይልቅ ሁለቱ ገመዶች በብረት ሳይገናኙ ድምፁን ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ፤ እኛም በመጨረሻ እርሱን በመካከል አስገባን።)

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ወንድማችን ቤት ሄድን። ማቴዎስ 5፥23-24ን አንብበን ነበር የወጣነው፤ መባን ትቶ መጀመሪያ ከወንድም ጋር ስለ መታረቅ የሚናገረውን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ሁሉንም ነገርነው፤ የቴሌቪዥኑንም፣ ዝም ያልንበትን ሁለት ሳምንትም። ስኒውን ይዞ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ እኔን የከበደኝ ኖይዙ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አሮጌ ነው ማለታችሁም አይደለም፤ አሮጌ ነው። ሌላ የተያያዘ ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቃችሁ ዞር ብላችሁ እንኳ ሳታዩ የለም ማለታችሁ ነው።»

የምንመልሰው አልነበረንም። «ይቅር በለን» ብቻ አልን። ተነስቶ አቀፈን፤ እናቱም ጸለዩልን።

ረቡዕ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ዘፈንም መዝሙርም ሳይከፍት መጠኑን እስከ መጨረሻው ጨመረና ጆሮውን ከስፒከሩ ጋር አስጠጋ። እኛም ጠጋ አልን። በጣም ስስ የሆነ ሽሽሽ ብቻ ይሰማል። ደንግጠን «ይሄስ?» ብንለው ሳቀብን። «ይሄ የራሱ ነው፤ የትኛውም አምፕሊፋየር ትንሽ አለው» አለ።

እማማ ገብተው በቦታቸው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት አዳመጡ።

«ወፍጮው ቆመ እንዴ?»

«ቆሟል እማማ» አላቸው ወንድማችን፤ ማይኩንም ለአንባቢው አቀበለው።