ስለ አንዲት ድንጉጥ ውሻ

በሀገራችን ሰው ሰውን ሊያዋርድ ሲፈልግ «ውሻ» ይለዋል፤ እኔም ይህን ስድብ እየሰማሁ ስላደግሁ፥ አንድ ቀን ስለ ውሻ በጋዜጣ እጽፋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ነገር ግን በመጽሐፈ ጦቢት፥ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደ ተጽፎ ይገኛል። ቅዱስ ሩፋኤል በመራው መንገድ ውሻ አብሮ ከተጓዘ፥ አንባቢ ሆይ፥ እኔም ስለ አንዲት ውሻ ጥቂት ብናገር እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሰላ ከተማ ዳር፥ የጭላሎ ተራራ በጥዋት ፊት ለፊት በሚታይበት ሠፈር፥ አንዲት አሮጊት እናት ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት፥ በሐምሌ ዝናብ፥ በጆንያ ታስረው ከመንገድ ዳር ቦይ የተጣሉ ሦስት ቡችሎች አግኝተው፥ በሕይወት የቀረችውን አንዲቱን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ሦስቱም ሴቶች ነበሩ። ወንዱ ለዘብ ሲቀር፥ ሴቲቱ ትወልዳለች እየተባለ ትጣላለች። እኒህ እናት ግን ጉልበታቸው የደከመ፥ ኑሯቸውም የጠበበ ስለ ሆነ፥ የሚወስዳት ሰው እስኪገኝ ድረስ ብቻ በአደራ ሊያቆዩአት ቈረጡ።

ይህን ሰምቼ በመስቀል ማግሥት ሄድሁ። ቡችላይቱ ከምድጃው በስተ ኋላ ተሸጉጣ፥ ጆሮዋን አጥፋ፥ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ነበር።

«ማን ትባላለች፥ እናቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ስም ካወጣሁላትማ እንዴት ብዬ ለሰው እሰጣታለሁ? የሚያሳድጋት ያውጣላት» አሉኝ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲህ ጉዲፈቻ ናት፤ እንደ ጉዲፈቻ ያዛት» አሉ።

ጉዲፈቻ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት የኖረ ሥርዓት ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ተወስዶ ሲያድግ ከአብራክ ከወጣው ልጅ ጋር ይተካከላል። ቃሉም ወደ አማርኛ ገብቶ እስከ ቤተሰብ ሕጋችን ደርሷል። ይህን የከበረ ቃል ለቡችላ መናገር ድፍረት ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን የሰማሁትን ጻፍሁ፥ ቃሉም እንደ ከበደኝ አልሸሽግም።

ቤት ከደረስን በኋላ ሦስት ቀን ከማገዶው ክምር ሥር አልወጣችም። የምትበላው ሌሊት፥ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነበር። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና በአንገቷ ገመድ አግብቼ ጐተትኋት። እርሷም አልነከሰችኝም፥ አልጮኸችምም፤ በምድር ላይ ተነጥፋ ሽንቷን ለቀቀች። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ማንም እንዲህ ሲፈራኝ አይቼ አላውቅም። ገመዱን ፈትቼ ወደ ቤት ገባሁ፥ ራትም አልበላሁ።

ወደ እኒያ እናት ተመልሼ የሠራሁትን ብነግራቸው አልተቈጡኝም። «አጠገቧ ተቀመጥ እንጂ አትያት» ብቻ አሉኝ። የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንትም በሌላ አነጋገር ይህንኑ ይላሉ። ቡችላ ከተወለደች ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሰውን እጅ በደግነት ካላወቀች፥ ከዚያ በኋላ ሰውን ማመን ይከብዳታል፤ ትክ ብሎ የሚያያትንም ዓይን እንደ ዛቻ ትቈጥረዋለች። ስለዚህ ማታ ማታ ጀርባዬን ሰጥቻት፥ ከበርጩማ ላይ ተቀምጬ፥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዳዊቴን እደግም ጀመር፤ የገብስ ቂጣም ቈርሼ በስተ ኋላዬ አኖር ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ማታ ቂጣውን ከመሬት ሳይሆን ከጣቶቼ መካከል ወሰደችው፤ ቀዝቃዛ አፍንጫዋም እጄን ነካኝ። ዞር ብዬ ላያት እጅግ ወደድሁ፥ ግን አልዞርሁም። በዚያች ሌሊት ስሟን «አደራ» አልኋት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ አደራ ግን እየበላች አትጮኽም ነበር። ጎረቤቶቼ «ያመጣኸው ውሻ ነው ወይስ በግ?» እያሉ ሳቁብኝ፤ አንዱም ወስጄ ከአውራ ጎዳናው እንድተዋት መከረኝ። በከተሞቻችን ባለቤት የሌለው ውሻ የተመረዘ ሥጋ በልቶ ሲሞት ያየ ሰው፥ ይህ ምክር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። መርዙን የሚያኖሩትም ስለ ክፋት ብቻ አያደርጉትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ለማለት ይቀርባል፥ ሰውን ከሚይዘውም ከመቶ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሉዊ ፓስተር በፈረንጅ ቍጥር በ1885 ዓ.ም. ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከከተበው ወዲህ የክትባት መንገድ ታውቋል፤ ዛሬም ውሻውን አስቀድሞ መከተብ ከመርዙ ይሻላል። በእኛ በአርሲ ደግሞ ነገሩ የሰው ብቻ አይደለም። ከከተማችን በላይ በተራሮቹ ከፍታ፥ በዓለም ሁሉ ወደ 500 ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በጎረቤታችን በባሌ፥ በፈረንጅ ቍጥር በ1991ና በ1992፥ ኋላም በ2003 ዓ.ም. ከውሾች የተላለፈ ይኸው በሽታ ብዙዎቹን ቀበሮዎች ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ በኅዳር አደራን በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። መርፌው ሲወጋት ራሷን በብብቴ ሸሸገች፤ ስንመለስም መንገዱን ሁሉ ልቧ በደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ ተመልሼ ተቀምጬ ሳለሁ፥ ከአጥሩ ውጭ የሰው ኮቴ ተሰማ። አደራ ተነሣች፥ ጠጕሯም ቆመ፥ ከዚያም ጮኸች። በገዛ ድምፅዋ የደነገጠች መሰለች፤ ጥቂት ዝም ብላ ደግማ ጮኸች። በሩን ብከፍት የቆሙት እኒያ እናት ነበሩ።

አፍሬ፥ «ይቅር ይበሉኝ፥ እናቴ፤ ያተረፏትን አላወቀችም» አልኋቸው።

እርሳቸው ግን በትራቸውን ተደግፈው፥ «ተው፥ አትቈጣት። እኔ ዘንድ መቼ ጮኸች? ያን ጊዜ ቤት አልነበራትም» አሉ፤ ዓይናቸውም እንባ ሞላ።

አደራ ቀሚሳቸውን አሽትታ ካወቀቻቸው በኋላ ከእግራቸው ሥር ተኛች፥ ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪጠጣም አልተነሣችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እርሳቸው ሊሄዱ ሲነሡ እርሷም ተነሥታ ተከተለቻቸው። በሩ ክፍት ነበር። ልጠራት አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ገመዱ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ሁለቱም ቀስ እያሉ ወደ ባሕር ዛፉ ሲወርዱ አየሁ፤ ከዚያም ከዛፎቹ በስተ ኋላ ተሰወሩ።

መብራት በራ፥ ራትም ቀረበ፤ እኔ ግን በሩን ሳልዘጋ ቆየሁ። ጅብ መጮኽ ሲጀምር አደራ እግሯ አቧራ ለብሶ ገባች፤ ወደ ማገዶው ክምርም አልሄደችም፥ ከበርጩማው አጠገብ ተጋደመች። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።